ገራባው ለፍየል፣ ፌስታሉ ለማን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ድሬዎች አንቱታ አናውቅም ይሉናል። ውሸት አይደለም። ስለዚህ አንተ ብልህ ቅር እንዳይልህ፣ ሴት ከሆንሽም አንቺ ብለሽ አንብቢው። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፤ ቦታ ካነሰህ ከመሃል ቁረጠው፣ ስለ ፍየሏ የጻፍኩትን ግን እንዳትነካብኝ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ፍየል ገዛን። የመረጣት ወንድሜ ነው። ሆዷ ሞላ ያለ፣ ቆንጆ ፍየል። "ይቺ የጠገበች ነች" ብሎ ተከራክሮ አመጣት። ታረደች። እኔ ዱለት ልሠራ ጨጓራውን ይዤ ቧንቧው ሥር ቁጭ አልኩ። ስሰነጥቀው እንደ ኳስ የጠነከረ ነገር እጄ ላይ መጣ። መጀመሪያ እጢ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከፈት ሳደርገው ፌስታል ነው። አንድ እንዳይመስልህ፤ ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የማዳበሪያ ክር አለ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተገምዶ ድንጋይ ሆኗል። ልጆቹ ከበውኝ ይቆጥሩ ጀመር፣ ዘጠኝ ሲደርሱ ሽታው አባረራቸው። ለካ ወንድሜ የጠገበች ያላት በፌስታል ነው። እስከ ዛሬ እተርበዋለሁ። ዱለቱን ግን ማንም አልቀመሰውም።

ስጋ ቤት ያለው ዘመዳችን ስነግረው እንኳን ሊገርመው ሳቀብኝ። "አቦ፣ ይሄ እኮ የየቀኑ ነው፣ ደንበኛ ሳያይ አውጥተን እንጥለዋለን" አለኝ። የት እንደሚጥለው አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው መልሱ "ደጅ" ነው፣ ደጅ ደግሞ ሌላ ፍየል አለች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ጋዜጣህን ሌላ ከተማ ሆኖ ለሚያነብ ግን ልንገረው። እዚህ ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ። ሱቁ ይዘጋል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ጫቱ ይመጣል። ለስላሳው ቅጠል ከተቀነጠሰ በኋላ የሚተርፈው ጠንካራው ቅጠልና እንጨቱ ገራባ ይባላል። ገራባ ቆሻሻ አይደለም፣ የፍየል ምግብ ነው። እዚህ ከተማ በገራባ ያደገ ፍየል ብዛቱን እግዜር ይቁጠረው። ድሮ ጫቱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው፣ ገራባውን ከነመጠቅለያው ብትወረውረው ፍየሉ ሁለቱንም በልቶ ይሄዳል። አሁን ጫቱ በፌስታል ይመጣል፣ ገራባው እዚያው ፌስታል ውስጥ ይመለሳል፣ አፉ ይቋጠራል፣ ደጅ ይወረወራል። ፍየል ቋጠሮ መፍታት አትችልም። ከነቋጠሮው ትጎርሰዋለች። ፌስታሉ አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ጨጓራዋ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ እየተጠራቀመ ሲሄድ የጠገበች ይመስላታል፣ መብላት ትቀንሳለች፣ አንዳንዷም ተነፍታ ትሞታለች።

ስለ ቆሻሻ መለየት ልጽፍልህ የተነሳሁት እንግዲህ ከዚህ ነው። የተማረው ከመጽሐፍ ይነሳ፣ እኔ ከጨጓራ ተነስቻለሁ።

አምና ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሦስት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተተከለ። ማን እንዳስተከለው ስም አልጠራም። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። የተተከሉ ቀን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበር። ላያቸው ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ድሬ አማርኛ ያወራል፣ ኦሮምኛ ያወራል፣ ሶማልኛ ያወራል፣ ምድር ባቡር ተቀጥረው የሠሩት ሽማግሌዎቻችን ፈረንሳይኛም ይሞካክራሉ፣ ከዚህ ሁሉ ተመርጦ እንግሊዝኛ! አዴ እያልኩ የምጠራት ጎረቤቴ ሦስቱን ትክ ብላ አየችና "የኛ የትኛው ነው?" አለችኝ። ለየሰፈሩ ቀለም የተመደበ መስሏት ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቀለሙ ራሱ የሚያግባባ ነገር አይደለም። ጀርመን ያለችው የእህቴ ልጅ እዚያ ቢጫው የማሸጊያ ነው፣ ሰማያዊው የወረቀት፣ ቡናማው የምግብ ትርፍራፊ ትለኛለች። ሌላ አገር ያለ ሰው ብትጠይቅ ሌላ ይነግርሃል። ቀለም በዓለም ላይ አንድ ሕግ የለውም፤ የአንዱን አገር ቀለም ገልብጠህ ብታመጣው የሚገባው እዚያ አገር የኖረ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ላይ የፍየል ሥዕል፣ አንዱ ላይ የሃይላንድ፣ አንዱ ላይ የዳይፐር ሥዕል ቢለጠፍ ኖሮ ፊደል ያልቆጠረውም ሕፃኑም በአንድ ቀን ይለምደው ነበር። ሥዕል ደግሞ በሦስት ቋንቋ መተርጎም አይፈልግም።

የሦስቱን ዕጣ ላጫውትህ። ሰማያዊው በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑ ጠፋ፤ ክዳኑን ኋላ ላይ የዶሮ ቤት በር ሆኖ አይቼዋለሁ፣ የማን ዶሮ እንደሆነ አልናገርም። አረንጓዴው ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ከተተ፣ ዳይፐር፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ አንድ ቀን እንዲያውም የሞተ ድመት። የቢጫው አሟሟት ግን ይገርማል። አንድ እሁድ ማታ የሆነ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ አመዱን ከነፍሙ አምጥቶ ደፋበት። ፕላስቲክ አይደል፣ ጠዋት ስንነሳ እስከ ወገቡ ቀልጦ እንደ ሰከረ ሰው ጎንበስ ብሏል። ጭሱ ሌሊቱን ሙሉ ቤታችን ሲገባ አድሮ ሕፃናቱ በሳል ሲሰቃዩ አደሩ። እኛ ዘንድ ከሰል የማይነድበት ቤት ብርቅ ነው፣ ማጠራቀሚያውን ያመጣው ሰው ግን አመድ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አላለውም። ምን ያድርግ፣ ከመጣበት አገር አመድ የለ።

ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ዳር ያለውን ትቼ ወደ ማዕድ ቤቴ የዞርኩት። አስብበትማ። ቆሻሻው መንገድ ዳር እስኪደርስ ድረስ እኮ ተቀላቅሎ አልቋል። ሃይላንዱ ላይ የሽሮ ወጥ ከፈሰሰ፣ ካርቶኑ በሻይ ቅጠል ከራሰ አለቀ፤ ቆራሌው ራሱ አይቶ ያልፈዋል። ፋብሪካም ቢሄድ ቅባት የጠጣ ወረቀት ተመልሶ ወረቀት አይሆንም። ሰው "ለዩ" ሲሉት ቆሻሻ በእጁ የሚበረብር ይመስለዋል፣ ለዚያ ነው የሚጠየፈው። የሚበረበር ነገር የለም። መጀመሪያውኑ አለማቀላቀል ነው፣ በቃ።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነን። በር አጠገብ ሦስት ዕቃ አስቀመጥኩ። አዲስ አልገዛሁም። የተሰነጠቀ ባልዲ ለእርጥቡ፣ ማዳበሪያ ለደረቁ፣ የዘይት ቆርቆሮ ለአመድ። እርጥቡ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፓፓያና የሐብሐብ ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ ይሄን የመሰለው ሁሉ ይገባል። ገራባው ለብቻው ጥግ ይቆለላል፣ ባለፍየሏ ልጅ ማታ ማታ መጥታ ትወስደዋለች፣ ፌስታሉን ግን እኛ ነን የምናስቀረው። ማዳበሪያው ውስጥ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጀሪካን። አመዱ በደንብ ሲቀዘቅዝ ግማሹ ድስት ይፈትጋል፣ ግማሹ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይበተናል፣ ሽታም ዝንብም ይቀንሳል። እናቶቻችን ያደርጉት የነበረ ነው እኮ። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ዳቦ መሬት ከወደቀ ተስሞ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል፣ ጠርሙስ የበርበሬና የቅቤ ማስቀመጫ ይሆናል። መለየት ከፈረንጅ የመጣ ትምህርት አታድርጉብን። ከፈረንጅ የመጣው ፌስታሉ ነው።

ግቢው ወዲያው እሺ አላለኝም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ተከራይ ስልኩን እያየ ሁሉንም አመድ ውስጥ ይጥላል። ሕፃን ያላት ልጅ ዳይፐሩን የት ላድርገው ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ለዳይፐር እኔም መፍትሔ የለኝም፤ እሱና ሞዴስ ለብቻቸው ታስረው ወደሚጣለው ይሄዳሉ፣ አራተኛ ዕቃ ጨመርኩ። ከሁሉም ቶሎ የለመደው ማን መሰለህ? ሀጂ ነው። ሀጂ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የሠራው። "እዚያ እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ሣጥን ነበረው፣ ያለ ሣጥኑ ያስቀመጠ ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር" ይላል። አሁን ግቢያችን ውስጥ ተቆጣጣሪ እሱ ነው። ሃይላንድ ከነክዳኑ የጣለ ሰው ካገኘ በስሙ ይጠራዋል።

ክዳኑ ምን ያደርጋል ብለህ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ሃይላንዱን ገልብጠህ ሥሩን ብታየው በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 1 ቁጥር ተጽፏል። ጀሪካኑ ላይ 2 ታገኛለህ። ፕላስቲክ ሁሉ ፕላስቲክ አይደለም ማለት ነው። ጀሪካኑ 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ሃይላንዱ ደግሞ ከ250 በላይ ይፈልጋል፣ የክዳኑም ፕላስቲክ ከጠርሙሱ የተለየ ነው። አንድ ላይ ብታቀልጣቸው ባቄላና ድንች አንድ ድስት ውስጥ እንደመጣድ ነው፣ አንዱ ሳይበስል አንዱ ያራል። ለብቻው የተሰበሰበ ሃይላንድ ግን ተፈጭቶ ተመልሶ ክር ይሆናል፣ የለበስከው ፖሊስተር ሸሚዝ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የለስላሳና የቢራ ቆርቆሮው ደግሞ አልሙኒየም ነው፤ ከአፈር አውጥቶ አዲስ ከመሥራት አሮጌውን ማቅለጥ 95 በመቶ የሚሆነውን ጉልበት ያተርፋል። ለዚህ ነው ቆራሌው ቆርቆሮዋን ሲያይ ዓይኑ የሚበራው። እሱ ዲግሪውን አያውቅም፣ ዋጋውን ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ብስጭቴ ልምጣ። ለይቼ፣ አስለይቼ፣ ከአምስት ቤተሰብ ጋር ተጣልቼ ታርቄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው መጣ። ቆሻሻ የምትሰበስበው ልጅ እርጥቡን ባልዲ ጋሪው ላይ ገለበጠችው። ቀጥላ ማዳበሪያውን አነሳችና እዚያው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት በዓይኔ እያየሁ ገንፎ ሆነ። ወላሂ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ጮህኩባት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እትዬ፣ ጋሪው አንድ ነው፣ ገንዳውም አንድ ነው፣ መኪናውም አንድ ነው፣ የት ላድርግልሽ?" አለችኝ።

ምን ትላታለህ? ልክ ናት። ሰው ቤቱ ለይቶ መንገድ ላይ ከተቀላቀለበት ሁለተኛ አይለይም። ይሄ የባህል ችግር፣ የግንዛቤ ችግር እየተባለ ስብሰባ ይጠራበታል፣ ውሃ ይታደልበታል (በሃይላንድ!)፣ ሕዝቡ አልነቃም ይባላል። ሕዝቡማ ነቅቷል። ጋሪው ነው ያልነቃው።

ቁጣዬ በረድ ሲል ቡና አቅርቤላት አወራን። መዳፏን አሳየችኝ። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የሚደርስ ጠባሳ አለ፣ ምላጭ ነው፤ አንዱ ቤት ምላጭ ከድንች ልጣጭ ጋር ጥሎ ነው። ጓንት ይሰጣቸዋል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ገንዳው ጋ ከመድረሷ በፊት ጥላ ሥር ቆማ ሃይላንዱን እየለቀመች ለብቻው ትሰበስባለች፣ በወር አንዴ ትሸጠዋለች፣ የልጇ ደብተር ከዚያ ነው የሚወጣው። "ለየብቻ ብትሰጡኝማ እጄን ጭቃ ውስጥ አልከትም ነበር" አለች። ማለትም ከተማው ውስጥ የሚለይ ሰው ነበረ። ድሮም ነበረ። እኛ አቀላቅለን እንሰጣታለን፣ እሷ በባዶ እጇ ትፈታዋለች፣ ከዚያ እኛ ማለፊያ ስትጠይቀን አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን።

ስለዚህ ተስማማን። ማዳበሪያው ጋሪው ላይ አይወጣም፣ ለእሷ ለብቻው ይሰጣል፣ ገቢው የሷ ነው። እሷ ደግሞ ጋሪዋ ጎን ላይ በሽቦ ሁለት ጆንያ አንጠለጠለች። አለቀ። ማንም አልተሰበሰበም፣ ፎቶም አልተነሳም። አሁን ከኛ ግቢ ወደ ገንዳው የሚሄደው ከበፊቱ ሲሶ አይሆንም፤ እርጥቡን እንኳ ሀጂ ከኋላ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ድርብ ልጣጭ አንድ ድርብ ደረቅ ቅጠል እያደረገ ብስባሽ ማዘጋጀት ጀምሯል፣ ድሬ ሙቀቷ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ማርከፍከፍ ከረሳህ ይደርቅና ዝም ይላል። ሎሚው ሥር ሊያደርገው ነው። ለአጥንትና ለስጋ ግን ጉድጓዱ አይሆንም፣ ውሻ ይቆፍረዋል። ሞክረነዋል።

ሰው ሁሉ ዋጋ ያለውን ነገር እንደማይጥል ለማወቅ የለስላሳ ጠርሙስ ማየት ይበቃል። ባለ ጠርሙሱን ሚሪንዳ ከሱቅ ስትወስድ ጠርሙስ ያስመጣሃል ወይ ገንዘብ ያስይዝሃል። አስፋልት ላይ የተጣለ የሚሪንዳ ጠርሙስ አይተህ ታውቃለህ? ሃይላንዱ ግን በየቦዩ ሞልቷል። ውስጡ ያለው ውሃ ንጹሕ፣ ጠጪው ያው ሰው፣ ልዩነቱ ማስያዣው ብቻ ነው። ጀርመን ላይ ለፕላስቲኩም 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዛሉ፣ የእህቴ ልጅ ጠርሙስ ሰብስባ የአስቤዛ ወጪዋን ታቃልላለች። እኛ ለጠርሙስ ከጥንት የምናውቀውን ለሃይላንድ ማድረግ ለምን እንዳቃተን አይገባኝም። ባለ ፋብሪካዎቹ መልስ ካላቸው ጋዜጣህ ላይ ይጻፉ፣ አነባለሁ።

ሕግ የለም እንዳትለኝ። ልጄ ስልኩ ላይ አውጥቶ አነበበልኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይና ለዚያ ወደተዘጋጀው ቦታ እንዲወስድ ያዝዝ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባም የሚል ነበረበት። ያ ማለት የእኔ ፍየል አያቷ ሳትወለድ በፊት ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፌስታል ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። መልካም ነው። እኔ ግን በ1999ኙ ሕግ ውስጥ "ወደተዘጋጀው ቦታ" የምትለዋ ቃል ላይ ነኝ። ቦታው የታል? አሳዩኝና ሃይላንዴን ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ እግሬ ጤነኛ ነው።

ፌስታል ሲከለከል ደግሞ ጫት ነጋዴዋን ምን አድርጊ እንደምንላት ይታሰብ። ከፊራ ገበያ ሂድና እያት፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ጫቱ እንዳይጠወልግ ነው የምትጠቀልለው። የሙዝ ቅጠል በበቂ የሚያቀርብላት ካለ ነገ ትመለሳለች። ካልሆነ ፖሊስ ሲመጣ ትደብቀዋለች፣ ሲሄድ ታወጣዋለች።

ደቻቱን ሳላነሳ ብቀር የድሬ ሰው አይደለሁም። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ደረቅ ስለሆነ ሰው ወንዝ መሆኑን ይረሳዋል፣ ማታ ማታ ቆሻሻውን ይዞ ወርዶ ይደፋል። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። እኔ ያን ሌሊት አልረሳውም። ያንን ጎርፍ ቆሻሻ አመጣው አልልህም፣ ውሸት ነው፤ ከላይ ከደጋው የወረደ ዝናብ ነው። ግን አሁን በትንሽ ዝናብ መንገዱ ኩሬ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ የቦዩን ክዳን አንሳው። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ አንድ ጫማ። ባለፈው ክረምት የሰፈር ልጆች ሲያጸዱ ቆሜ አይቻለሁ።

"ጥሎ መቅበር ነው እንጂ ምን መለየት" የሚሉኝም አሉ። እሺ፣ ቅበር። የምግብ ትርፍራፊ አየር ሳያገኝ ተደፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይሠራል፤ የቆሻሻ ክምር ማንም ሳይለኩሰው የሚጨሰው አንዱ በዚህ ነው። አዲስ አበባ ቆሼ መጋቢት 2009 የተከመረው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበትን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። አብዛኛው የቤታችን ቆሻሻ እርጥቡ ነው፣ ክብደቱም ሽታውም ጋዙም እሱ ነው። እሱን ከቤት ካስቀረነው የሚቀረው ሸክም የልጅ ነው። "ማቃጠል ይሻላል" የሚሉት ደግሞ ማታ ማታ ግቢያቸው ውስጥ ፌስታል የሚያነዱት ናቸው፣ ከነሱ ጋር አልከራከርም፣ ጭሳቸው መስኮቴ ላይ መጥቶ ይከራከረኛል።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ባትሪ ድንጋይና የሞተ የስልክ ባትሪ ከምንም ጋር አይጣልም፣ የስልኩ ሲጨፈለቅ ይነዳል፤ የስልክ ጥገና ቤቶች አንድ ካርቶን ቢያስቀምጡልን ምን ይጎድልባቸዋል? ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን ወፍራም ጀሪካን ውስጥ አድርጎ አፉን በፕላስተር ይዝጋው፣ ከሞላ በኋላ መርፌውን የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ምላጭ በወረቀት ብቻ ጠቅልለህ አትጣል፣ የልጅቷን እጅ አስብ። የተሰበረ ብርጭቆም እንደዚያው።

ከተማችንን ለሚያስተዳድሩት የምለው ጥቂት ነው። ሌላ ባለ ቀለም ማጠራቀሚያ አትግዙልን። ጋሪውን ለሁለት ክፈሉት፤ አንድ ሳንቃ መሃል ላይ ነው፣ አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ወይም ጋሪው ሰኞ እርጥቡን፣ ሐሙስ ደረቁን ብቻ ይውሰድ፣ ሰው ቀኑን እንደ ገበያ ቀን ይለምደዋል። ለሰብሳቢዎቹ ጓንቱ ሲያልቅ ሳይሆን ሳያልቅ ይሰጣቸው። የተለየ ያመጣች ልጅ ጭማሪ ታግኝ። ገንዳው ደግሞ ከሥጋ ቤት አጠገብ ይነሳ፣ ፍየሎቹ እዚያ ነው የሚውሉት።

መልስ ከመጣ አትሙት። ካልመጣም እኔ ሐሙስ ሐሙስ ማዳበሪያዬን ይዤ በር ላይ ነኝ። የጎረቤት ግቢ ሁለት ቤተሰብ ሀጂ ዘንድ መጥተው "እንዴት ነው የምታደርጉት" ብለው ጠይቀዋል፣ እሱም ክዳኑን ከጠርሙሱ እንዲነቅሉ አዟቸው ልኳቸዋል።

አንተ እሁድ ማታ ፍሙን ቢጫው ላይ የደፋኸው ሰውዬ፣ ይሄን ጋዜጣ እንደምታነብ አውቃለሁ፣ ከሱቅ ስትገዛው አይቼሃለሁ። ስምህን አልጻፍኩም። ሚስትህ ቡና ስታፈላ አንድ ጣሳ ውሃ አጠገቧ አስቀምጥላት።

አንዲት የድሬ እናት
ከደቻቱ ማዶ፣ ድሬዳዋ